ሁለቱንም እግር ለኪ

መርፌ ሰው ስታይ ከእግር ነው የምትጀምረው። ሌላው ሰው ፊት አይቶ፣ ልብስ አይቶ፣ አንዳንዱም ኪስ አይቶ ሰላም ይላል። እሷ ግን መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥላ ጉልበቱን፣ ቀጥላ ትከሻው እንዴት እንደሚወዛወዝ ስታይ ቆይታ ቀና ስትል ሰውየው አልፏት ሄዷል። በዚህ የተነሳ ስንት ዘመድ እንደተቀየማት ቤት ይቁጠረው። "ያቺ ልጅ ኮራችብን" ይላሉ። ኩራት እንኳ አይደለም፣ ሥራዋ ነው። መርፌ በኮምፒውተር ካርቱን ትሠራለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያልተወለዱ ሰዎችን ታስኬዳለች።

መርፌ የቅጽል ስሟ ነው። ያወጣላት ልብስ ሰፊው አባቷ ነው፤ ስትወለድ ቀጭን ስለነበረች፣ መዳህ ስትጀምር ደግሞ አንዴ ከጠፋች ለመፈለግ ስለምታስቸግር። ነገሩ ቀልድ ነበር፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቷት፣ ቀጭንነቷም ድሮ ቀርቶ፣ አሁንም መርፌ ናት።

የአባቷ ስፌት ቤት አንዲት ክፍል ናት። በሩ ሥር የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ ከካርቶን የተቆረጡ የእጅጌና የኮሌታ ቅርፆች። አባቷ አንገቱ ላይ ሜትር፣ ቀኝ ጆሮው ላይ እርሳስ ከሌለ ራቁቱን የቆመ ይመስለዋል። በልጅነቱ ታሞ ቀኝ እግሩ ከግራው አጥሯል። ሲራመድ በግራው ቀጥ ይላል፣ በቀኙ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ትከሻውን ትንሽ ዞር አድርጎ መላ ሰውነቱን ብድግ ያደርገዋል።

ይህ ሰው በሥራው አንድ ሕግ አለው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ሁሉ ሁለቱንም እግር ይለካል። ሌላው ልብስ ሰፊ አንዱን ለክቶ፣ ጨርቁን ሁለት አጥፎ፣ አንዴ ቆርጦ ይገላገላል። "እኔ እኮ እግሬ ደህና ነው" የሚል ደንበኛ ሲገጥመው፣ "ሁለት እግሩ እኩል የሆነ ሰው እስካሁን አላየሁም። አንተ የመጀመሪያው ከሆንክ ደስ ይለኛል" ይለውና በደህናው ጉልበቱ ተንበርክኮ ይለካል። ስንቱ ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው በግማሽ ጣት እንደሚበልጥ ያወቀው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ቅር ብሎት የሄደም አለ። ሱሪው ግን በልክ ነበር።

መርፌ ያደገችው በዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው። ስምንት ዓመቷ ላይ በአባቷ የልክ ደብተር ጠርዝ ላይ በየገጹ አንድ ትንሽ ሰውዬ መሳል ጀመረች። አንዱ ገጽ ላይ እግሩን ያነሳል፣ በሚቀጥለው ያስቀድማል፣ በሚቀጥለው ያሳርፋል። ገጾቹን በአውራ ጣት ቶሎ ቶሎ ሲለቋቸው ሰውዬው ይራመዳል። አንገቱ ላይ ሜትር፣ ጆሮው ላይ እርሳስ አለው፤ ማን መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። አባቷ ገጾቹን ሁለት ሦስቴ ለቀቃቸው። "ጎሽ" አለና ደብተሩን ዘግቶ ወደ መቀሱ ተመለሰ። እሷ ከ"ጎሽ" ከፍ ያለ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ልጅ ናትና ረሳችው።

አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ የሆነውን ግን አልረሳችም። አባቷ በየጠዋቱ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። አንድ ጠዋት ዞር ስትል ከኋላቸው አምስት ስድስት ልጆች ተሰልፈው እሱን እየመሰሉ ያነክሳሉ። ሳቁ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ተከተላቸው። እዚያ ስትደርስ እጇን ከእጁ አላቀቀችና፣ "አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ ከኋላ ሆነህ ና" አለችው።

"እሺ" አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የትም ይሂዱ፣ ሠርግም ይሁን ሐኪም ቤት፣ አባቷ ደጃፍ ላይ ሲደርስ "ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ" ይላል። አሥር እርምጃ ከኋላ ይመጣል። ቀስ ስትል እሱም ቀስ ይላል። ከቆመች የጫማውን ክር ሊያስር ይጎነበሳል፣ ክር የሌለው ጫማ ባደረገ ቀን ደግሞ የሱቅ መስኮት ያያል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሄደው አያውቁም። ይቅርታ ልትለው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ስለ አየሩ ተናግራለች።

ስፌት አልሆነላትም፤ ቁልፍ ስትተክል ጣቷን ነበር የምትተክለው። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። እዚያ ባገኘችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ጫነች፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ሁሉ ስትነካካ፣ ስታበላሽ፣ እንደገና ስታበላሽ ሦስት ዓመት ሄደ። ዛሬ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ አምስት ሆነው የልጆች ካርቱን ይሠራሉ። መስኮቱ ከተከፈተ የቀለም ሽታ፣ ከተዘጋ የአምስት ሰው ትንፋሽ።

ሥራው ከአባቷ ሥራ ብዙም አይርቅም። በፕሮግራሙ ውስጥ ሰው በአንድ ወጥ አይሳልም፣ ይቆረጣል። ጭንቅላት ለብቻ፣ ክንድ ለብቻ፣ ጭን ለብቻ፣ ባት ለብቻ። ከዚያ ትከሻው፣ ክርኑ፣ ጉልበቱ ላይ አንዳንድ ነጥብ ይቀመጣል፤ ያ ነጥብ ስፌቱ ነው፤ እግሩ በዚያ ይታጠፋል። መርፌ በታብሌቱ ላይ እግሩ የሚነሳበትንና የሚያርፍበትን ትስላለች፤ መሀሉን ኮምፒውተሩ ይሞላዋል። ይሞላዋል ስል ግን እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው፤ ሁሉንም እኩል አካፍሎ፣ አለስልሶ፣ ነፍስ ነስቶ። ነፍሱን መዝራት የመርፌ ድርሻ ነው።

የአሁኑ ሥራቸው ጋሽ ቁልፉ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ በበር ወጥቶ ይንከባለላል፤ እሱም ተከትሎት ሰፈሩን ይዞራል፤ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ደርሶበት ሲያመልጠው፣ ደርሶበት ሲያመልጠው ቆይቶ ይይዘውና ወደ ቤቱ ይመለሳል። መርፌ አንድ ሳምንት ብታስኬደው ብታስኬደው አልሄድ አላት። እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ይወዛወዛል፣ ግን ሰልፍ ላይ ያለ ወታደር ነው። አንድ ጠዋት፣ ብዙም ሳታስብበት፣ የቀኝ እግሩን ማረፊያ ትንሽ ዝቅ አደረገችው። ትከሻውን ትንሽ አዞረች። ግራው ላይ ሁለት ሥዕል ጨመረች፣ ቀኙ ላይ አንድ ቀነሰችና አጫወተችው። ጋሽ ቁልፉ ከስክሪኑ ግራ ጥግ ተነስቶ ቀኝ ጥግ ደረሰ።

መርፌ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች። የሄደው አባቷ ነበር።

ከጎኗ የሚቀመጠው የድምፅ ሠራተኛ፣ ሁሉም ድምፄ የሚሉት፣ ሁለት አሮጌ ጫማ በጣውላ ላይ እየረገጠ የእርምጃውን ድምፅ ቀረፀላት። ጠቅ፣ ሸርተት። ጠቅ፣ ሸርተት። "ይሄ ሰውዬ ዜማ አለው" አላት። የመመለሻው ጉዞ ቀላል ነበር፤ የተሳለውን በአንድ ጠቅታ በመስታወት እንደሚታይ ማገላበጥ ነው፤ ወደ ቀኝ ይሄድ የነበረው ወደ ግራ ይመጣል። በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እሷም ጠቅ አደረገችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ሰኞ ዕለት ዋና አዘጋጇ ልታይ መጣች። እድሜዋ የገፋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ የምትፈልግ ሴትዮ ናት።

"ያነክሳል?" አለች።

"አዎ።"

"ፕሮግራሙ ነው ወይስ አንቺ?"

"እኔ ነኝ።"

አዘጋጇ ወንበር ሳበች። "ልጆች እንዳይስቁበት።"

"ቁልፉ ሲያመልጠው ይስቃሉ። ሲራመድ ግን አይስቁም፤ እንዳይስቁ አድርጌ ነው የሠራሁት።"

"የማን አካሄድ ነው?"

"የአባቴ።"

"እሳቸው ያውቃሉ?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያው እስከ ሐሙስ ጊዜ አለሽ" አለች አዘጋጇ ተነስታ። "እሺ ካሉ ይቆያል። እምቢ ካሉ ወይም ካልጠየቅሻቸው ጋሽ ቁልፉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሰው አካሄድ ሳያስፈቅዱ አይለብሱትም።"

ትክክል ናት፤ ለዚህም ነው መርፌ የተናደደችባት። ሰኞ ማታ ቤት ገብታ ለአባቷ ልትነግረው ስትል እንግዳ መጣ። ማክሰኞ እንግዳ አልመጣም፤ እሷም አልነገረችውም። አይቶት፣ "ዛሬም ትስቂብኛለሽ?" ቢላትስ? ያኔ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ለዚያውም በጆሮው። አሁን በሥዕል ነው፣ ቴሌቪዥን ላለው ቤት ሁሉ። እንደገና ማስቀየም ብቻ አይደለም፤ የፊተኛውንም ይቅር እንዳይላት በገዛ እጇ መዝጋት ነው። እንዲህ እያለች እህል አልወርድ አላት።

ረቡዕ ምሳ ላይ እናቷ ትዕግሥቷ አለቀ። "ልጄ፣ ወይ ተናገሪ ወይ ጨውን አቀብዪ። ሁለቱንም ይዘሽ አትቀመጪ።" ጓዳ ገቡና መርፌ ሁሉንም ነገረቻት። እናትየው ሳህን እያጠበች ሰማች፣ እጇን አደራረቀች፣ "ለእኔ የነገርሽኝ እንድነግርልሽ ነው?" አለች።

"ኧረ እማዬ፣ በጭራሽ!"

"ገባኝ" አለች እናትየው፤ የእሷ "ገባኝ" ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ያውቃል።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ ኮቱን ለብሶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቃት። "የምታሳይኝ ነገር እንዳለ እናትሽ ነገረችኝ።"

"ምን እንደሆነስ ነገረችህ?"

"እሱን አንቺ ታሳይኛለሽ። በይ ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ።"

ቀደመች። አሥር እርምጃ። ስቱዲዮው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ከኋላዋ የሚመጣው ድምፅ ያው ድምፄ በጣውላ የቀረፀው ነበር፤ ጠቅ፣ ሸርተት። ሦስት ፎቅ ሙሉ ልቧ ከዚያ ድምፅ ጋር እኩል ትመታ ነበር።

አዘጋጇ "እንኳን ደህና መጡ አባት" ብላ ወንበር ሰጠችውና ሥራ እንዳላት ሰው ወደ ሌላኛው ክፍል ገባች። መርፌ ፊልሙን ከፈተችለት። ቁልፉ ተበጥሶ ተንከባለለ። ጋሽ ቁልፉ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተከተለው። አባቷ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያያል። አልሳቀም። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

"ድገሚው" አለ ሲያልቅ።

ደገመችው።

"እንደገና።"

ሦስተኛውም አለቀ። አባቷ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረ።

"ይሄ ሰውዬ ሲሄድ የወንድ ሸሚዝ ነው የለበሰው።"

"አዎ።"

"ሲመለስ የሴት ነው።"

"እ?"

"የወንድ ቁልፍ በቀኝ፣ የሴት በግራ ነው፤ የዚህ ወደ ግራ ዞሯል፤ እስቲ እይው። እርሳሱም ከቀኝ ጆሮው ግራ ጆሮው ላይ ሄዷል። እሱስ ይሁን፤ ሰው እርሳሱን ያዛውራል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እግሬን ግን ለምን አዛወርሽው፣ መርፌዬ? ሲሄድ በቀኙ ነው የሚያነክሰው፤ ሲመለስ በግራው። ሰፈሩን ሲዞር ቀኙ ዳነና ግራው ታመመ ማለት ነው?"

ድምፄ ሳቁን ለመደበቅ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። መርፌ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እውነቱን ነው። አምስት ሰው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በቀን መቶ ጊዜ አይተውት አንዳቸውም አላዩትም።

"አገላብጬው ነው አባዬ። አንዱን ጎን ከሠራን በኋላ... ጨርቅ ሁለት እንደማጠፍ ነው።"

"አንዱን ለክተሽ ሁለቱን ቆረጥሽ።"

"አዎ።"

"ጠረጴዛዬ ሥር ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጠሽ!" አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ነበር።

መርፌ ግን ስለ ሸሚዝ መስማት አልቻለችም። "አልከፋህም?" አለችው። "ያሾፍኩብህ አልመሰለህም?"

አባቷ ቆቡን አንዴ በጉልበቱ ላይ አዞረው።

"በልክ ደብተሬ ላይ የሳልሽው ሰውዬ ትዝ ይልሻል?"

"ይለኛል።"

"እሱ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። ሜትሬን አንጠልጥሎ፣ እርሳሴን ሰክቶ፣ በሁለት ደህና እግር። ጎሽ አልኩሽ። ማታ ግን ለእናትሽ፣ ልጄ ሌላ አባት ሳለች አልኳት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያልሽኝን እርሺው፤ የልጅ ነገር ነው፤ ሲስቁብሽም ሰምቻለሁ። ያመመኝ ያ ሰውዬ ነው።" እንደገና ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። "ይሄኛው እኔ ነኝ። ቢያንስ ሲሄድ።"

መርፌ አለቀሰች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የሥራ ቦታዋ ነው፣ ድምፄ አጠገቧ ተቀምጦ ምንም በማይሰማበት ማዳመጫ ሁሉን ይሰማል፤ ቢሆንም አለቀሰች። "ይቅር በለኝ አባዬ። ከኋላ ሁን ማለቴን ይቅር በለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ልነግርህ ስል..."

"መጀመሪያ ስላልሽኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት" አለና መሐረቡን ሰጣት። "ደግሞ ከኋላ ሲሆኑ ኮትሽ የት ላይ እንደሚጨማደድ ይታያል። የገዛሽበትን ቤት ንገሪኝ፣ ሄጄ እሳደባለሁ።" በለቅሶዋ መሀል ሳቀች።

አዘጋጇ ሳል ቀድሟት ገባች። "እንዴት ነው አባት፣ ፈቀዱልን?"

"እግሬን ቦታው ከመለሰችልኝ።"

ይህ ቀላል አልነበረም። የመመለሻው ጉዞ እንደ አዲስ መሳል አለበት፤ ለዚያ ደግሞ መርፌ የአባቷን ግራ ጎን ማየት አለባት፤ ግራ ጎኑን አታውቀውም። ልጅ ሆና በቀኝ እጁ ነበር የሚይዛት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ወጡና ከመስኮቱ እስከ ደረጃው አስኬደችው። በግራ በኩል ሲታይ አባቷ ሌላ ሰው ነበር። ቀኙ ባረፈ ቁጥር የግራ እጁ ጣቶች ከፈት ይላሉ፣ አየሩን እንደመደገፍ። ይህን በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ግን አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይዞራል፤ ገና አካሄዱን ሳይይዝ ግድግዳው ይመጣል።

"ኮሪደሩ አጭር ነው። መንገድ ላይ ልይህ" አለችው።

አዘጋጇ በእጇ "ሂጂ፣ ሂጂ" አለቻት። ወረዱ። የቀለም መሸጫው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ አባቷ እንደ ልማዱ ቆም አለና አፉን ከፈተ። መርፌም ቆመች። እሱ ጫማውን አየ፤ ክር የለውም። የቀለም መሸጫውን መስኮት አየ፤ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

"ከፊት ሆኜ አይታየኝም፣ አባዬ" አለችው።

"በየት በኩል ልሁን?"

"በቀኜ ሁን። ግራህን ነው የምፈልገው።"

መጥቶ ጎኗ ቆመ። መጀመሪያ እርምጃቸው አልገጠመም፤ እሷ ትቀድማለች፣ እሱ ይቆማል፣ ሁለቱም ይቅርታ ይባባላሉ። ሁለተኛው መንገድ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ገጠመ። መንገደኛ ዞር ብሎ ያያቸዋል፤ መርፌ መንገደኛውን አላየችም፤ ከአባቷ ጫማ ጀምራ፣ ጉልበቱን፣ ትከሻውን፣ እጁን አየች፤ መጨረሻ ላይ ቀና ስትል ሰውየው አልሄደም፣ አጠገቧ ነበር።

እስከ ቤት ያለው የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። እናትየው በሩ ላይ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነበር። "ምን ሆናችሁ ነው እስካሁን?"

"እየለካችኝ ነበር" አለ አባቷ። "ሁለቱንም።"